ማሽን ዐሥራ ዘጠኝ

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ በጧት አውሮፕላን መጣ፤
በድሬ ቀትር፣ ኮቱን ሳያወልቅ ሊያስተምረን።
እኛ የሌሊት ፈረቃ ነን፤
ጥጥ ቅንድባችን ላይ እንደ ሽበት ተጣብቆ
የምሳ አዳራሹ ወንበር ላይ ተደርድረን
ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ እንሰማለን።
ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለ፦
ከታች እህልና ውሃ፣ ከዚያ ጣራና በር፣
ከዚያ ወዳጅ ዘመድ፣ ከዚያ ደግሞ ክብር፣
ጫፉ ላይ፣ ጠመኔው ሊሰበር ሲል፣ ራስን መሆን።
«ሰው በደረጃ ነው የሚወጣው» አለን፤
«የታችኛው ሳይሞላለት የላይኛውን አይመኝም።»
ላቡ ጠብ ብሎ «ክብር» የሚለውን ቃል አጠበው።

እኔ የፈረቃ አለቃ ነኝ። ጻፍኩት።
የደብተሬ ግማሹ ቅጣት ነው፦
ማን ዘገየ፣ ማን አንቀላፋ፣
የማን ክር ተበጠሰ፣ የማን ካርድ ጠፋ።
ኢፍቱ ከኋላ ተቀምጣለች፤
ዐይኗ ሰሌዳው ላይ፣ ጆሮዋ ከግድግዳው ማዶ።
ማሽን ዐሥራ ዘጠኝ ያለ እሷ እየሠራ ነበር።

ገንደ ቆሬ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤
ረቡዕ ሌሊት ይባላል፣ ይመጣል ሐሙስ ሲነጋ።
ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣
ከዚያ አየር ይተፋል፣
ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ነው።
የጧት ፈረቃ ሲደርሳት ሃያ አምስት ደቂቃ ትዘገያለች፣
የቀሚሷ ጫፍ እርጥብ።
ግማሽ ቀን እቆርጣለሁ። ደንቡ ነው።
በዚህ አንድም ቀን አልተከራከረችኝም።

የተከራከረችኝ በደመወዝ ቀን ነው።
ብሩን ሳትቆጥር ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው፦
«ይሄ ማነው?»
«አንቺ ነሽ።»
«እኔ ኢፍቱ ሙመድ ነኝ። እዚህ ሙሐመድ ይላል።»
«ያው አይደል እንዴ?»
«አቦ፣ ለአንተ ያው ነው!
የእኔ አባት ሙመድ ነው።
ዕድሜውን የሐዲድ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ፣
የባቡሩ አለቆች ሙመድ ያሉት፣
እናቴ ሙመድ ብላ ያለቀሰችው።
አራት ዓመት የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ ፈረምኩልህ።»

ቤቷ ውሃ የለም። ኪሷ ግማሽ ቀን ጎድሏል።
እሷ የምትለምነኝ አንዲት ሐ እንድሰርዝላት!

ሦስት ደብዳቤ፣ ሁለት ማኅተም፣ ሁለት ወር ፈጀ።
ሰረዝኳት።

የዚያን ሰሞን ሌሊት አሰልጣኙ አያውቃትም፦
ፈረቃው አልቆ፣ ሰርቪሱ ጡሩምባ እየነፋ፣
ኢፍቱ ከደጅ ተመልሳ ገባች።
«ድምፁ ተበላሽቷል» አለች።
እኔ አልሰማሁም። መካኒኩ ሸምሰዲንም አልሰማም።
እጇን የማሽኑ ጎን ላይ አኖረች፣
ትኩሳት ያለበት ልጅ እንደሚዳሰስ፤ ቆየች።
«እዚህ ጋ።»
ኩሽኔታው እሳት ሊወልድ ቀኑ ደርሶ ነበር።
ትርፍ ሰዓት ልጻፍልሽ ወይ ብላት
«ታዲያስ!» አለች፤ ጻድቅ አይደለችም፣ ብሩን ትፈልገዋለች፤
«ግን ስሜን አስተካክለህ።»
ሰርቪሱ ጥሏት ሄዶ ነበር። በእግሯ ገባች ቤቷ።

ለጥያቄ አምስት ደቂቃ ሲሰጠን እጄን አነሣሁ፦
«ጌታዬ፣ የተጠማ ሰው ስም ይፈልጋል ወይ?»
አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ሰዓቱንም አየ።
ኢፍቱ አልሳቀችም።

ዛሬ ሐሙስ ነው።
በሩ ላይ ቆማለች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ፤
የቀሚሷ ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል።
ደብተሬን ገለጥኩ።
ቀኑን ጻፍኩ፣ በሐ።
ስሟን ጻፍኩ፣ ያለ ሐ።
«ምክንያት» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው፣
በዚህ ሁሉ ዓመት ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤
«ውሃ» ብዬ ሞላሁት።
የቅጣቱ ዓምድ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

እሷ ምን እንደምጽፍ አልጠበቀችም።
ዐሥራ ዘጠኝ ጠርቷት መሰለኝ፣
አልፋኝ ገባች።